ኮምፒዩተሩ የተኮሰ ዕለት

በደርግ ዘመን ቢሮ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ ማንም ሰው «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል። እኔም ያን አርብ ጠዋት የገባሁት እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ሌላው ሠራተኛ ማን እንደተኮሰ ሳያውቅ ነው የተደበቀው፤ እኔ ግን አውቀው ነበር። የተኮሰው ከፊቴ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ነው።

ሰናይት እባላለሁ። ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ፣ ቀጭን፣ ፈጣንና ነገር የማላሳልፍ የፒያሳ ልጅ ነበርኩ። የምሠራው ለገበሬ ማኅበራት ዘር በሚያከፋፍል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሕንፃው ከጣሊያን የቀረ፣ የእንጨት ደረጃው በሰው ቁጥር የሚያለቅስ አሮጌ ፎቅ ነበር። የተቀጠርኩት በታይፒስትነት ነው። አንድ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ሲጠቀምበት የኖረውን ኮምፒዩተር ለእኛ ጥሎልን ሄደ። እኔ ደግሞ ሚስዮን ትምህርት ቤት ስለተማርኩ እንግሊዝኛ አላጣም፤ ጣቶቼም ይፈጥናሉ። «በይ አንቺ ያዢው» ተባልኩና በአንድ ጀምበር የኮምፒዩተር ሠራተኛ ሆንኩ። እናቴ የሥራ መደቤን ስም መጥራት ሲያቅታት ለጎረቤት «ልጄ የመንግሥትን ማሽን ታናግራለች» ትል ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሰው ማሽኑን የሚይዙት እንደ ሙሽራ ነው። ዳንቴል አልብሰውታል። ክፍሉ ውስጥ በጫማ መግባት ክልክል ስለሆነ በሩ ላይ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። ሊያዩት የሚመጡ እንግዶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከሩቅ ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያዩት። አንድ ቀን አቧራውን ልጠርግ ብዬ ክዳኑን ብነካካ፣ «ልጄ! የማያውቁትን ነገር አይከፍቱም!» ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ተውኩት። ያኔ እንደዚያ ነበርኩ፤ አፌ ደፋር፣ እጄ ፈሪ።

ያ ሰሞን ክረምቱ አፋፍ ላይ የደረሰበት ነበር። ከየትኛው መጋዘን ለየትኛው አውራጃ ስንት ኩንታል ዘር እንደሚሄድ እኔ ሳምንታት ሙሉ ስለቅም ቆይቼ ማሽኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪኖቹ ይነሳሉ። ሾፌሮቹ የሚይዙትን የጭነት ማዘዣ አትሜ ማስረከብ ያለብኝ አርብ ነበር። ዝናብ ከዘር ከቀደመ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚበላ ለእናንተ አልነግርም፤ ረሃቡ ገና ከሁላችንም ዓይን አልጠፋም ነበር።

እንግዲህ ያን ጠዋት ዳንቴሉን አንስቼ፣ አጥፌ፣ ማሽኑን አበራሁት። «ጧ!» አለ። ከጎኑ ነጭ ጭስ ብልጭ ብሎ ወጣ፤ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረጃውን እየዘለለ መጣ። አቶ ደምሰው ከክፍላቸው በአንድ እግር ጫማ፣ በሌላው እግር ነጠላ ጫማ አድርገው ብቅ አሉ።

«ማነው የተመታው?»

«ማንም አልተመታም ጌታዬ» አልኩ ከጠረጴዛው ሥር እየወጣሁ። «ማሽኑ ነው።»

«ምን አደረግሽው?»

«አበራሁት።»

«ሌላስ? ምን ነካሽበት?»

«ማብሪያውን ነው የነካሁት፣ ጌታዬ።»

አቶ ደምሰው ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የፈራ ሰው ከክፉ ሰው የበለጠ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ዙሪያውን አዩ፤ የተሰበሰበውን ሠራተኛ አዩ፤ ሰኞ የሚነሱትን መኪኖች አሰቡ መሰለኝ፣ ከዚያ ያቺን ቃል አወጧት። «ይኼ… አሻጥር ነው።»

ወጣት አንባቢዎቼ፣ ይህች ቃል ዛሬ ለእናንተ ቀላል ትመስላችሁ ይሆናል። ያኔ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የተባለበት ሰው ቤቱ ይፈተሻል፤ ከዚያ በኋላ የት እንዳለ የሚያውቀው ምሳ ይዞ በየጣቢያው የሚዞረው ቤተሰቡ ብቻ ነው፤ እሱም ከታደለ። የእኛ ቤት ደግሞ መፈተሽ የሌለበት ቤት ነበር። እኛ ጴንጤ ነን። ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋ ቆይቷል። አባቴ ካረፈ ወዲህ እኔና እናቴ በምንኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አንድ ሁለት እያሉ የሚገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሻይ ለመጠጣት የመጡ የሚመስሉ። ፍተሻው ከእኔ አልፎ የእነሱንም በር ያንኳኳል።

«ጓድ ታፈሰ ይጠራ» አሉ አቶ ደምሰው።

ጓድ ታፈሰ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ነው። ቢሮው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበር። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረጅም፣ ካኪ ልብስ የማይለየው፣ የማይጮህ ሰው። ባለመጮሁ የበለጠ ይፈራል። ጫማው ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ሳቅ መሐል ላይ ይቆረጣል።

መጣ። በሩ ላይ የተደረደረውን ነጠላ ጫማ ተሻግሮ በጫማው ገባ። አቶ ደምሰው ጫማውን አዩና ዋጥ አደረጉት። ጓድ ታፈሰ አየሩን አሸተተ።

«ማን ነበር እዚህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ሁላችሁም ውጡ። እሷ ትቅር።»

በሩ ተዘጋ። እሱ ወንበሬን ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። እኔ ቆሜ በልቤ የማክሰኞ ሰዎችን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ልረሳቸው እሞክራለሁ። ቢጠይቀኝ እንዳላውቃቸው።

«ካቻቢቴ አለሽ?» አለኝ።

ካድሬ በር ዘግቶ ካቻቢቴ ሲጠይቅ ሰው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ ልተወው። 

«የ… የለኝም፣ ጓድ። የጥፍር ሞረድ ግን አለኝ።»

«አምጪው።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ሞረዱን አየው፤ ጫፉን በአውራ ጣቱ ሞከረው፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ማሽኑ ዞሮ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ይፈታ ጀመር።

«አቶ ደምሰው መከፈት የለበትም ብለዋል» አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደተናገርኩ ዛሬም አላውቅም።

«ሞቷል እኮ። የሞተን ነገር ከፍተሽ አትገድይውም። ነይ፣ ክዳኑን ያዢልኝ።»

ክዳኑ ተነሳ። ለወራት ያናገርኩትን ማሽን ሆዱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ጥቁር ቤቶች፣ በመሐላቸው ቀጫጭን መንገዶች፤ ከጊዮርጊስ በላይ ሆነው ቁልቁል የሚያዩት ሰፈር ይመስላል። ማዘርቦርድ የሚባለው ይኼ ነው። ጓድ ታፈሰ አንገቱን አስግጎ ገባበት፤ በጣቱ አንዲት ከሰል የመሰለች ነገር አሳየኝ። ጎረቤቶቿ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫ ጠብታዎች ናቸው፤ እሷ ግን ተፈርክሳ እግሯ ብቻ ቀርቷል።

«ይቺ ናት የተኮሰችው። ኮንደንሰር ነው። መብራት ያጠራቅማል፤ እንደ ውሃ በርሜል አስቢው። በርሜል ሲያረጅ ይሸነቆራል አይደል? ይኼ ሲያረጅ ይፈነዳል።»

«ታዲያ… ሰው ያደረገው አይደለም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እርጅና ነው ያደረገው። እርጅናን ማሰር ደግሞ አልተፈቀደልኝም።»

ካድሬ ቀለደ። ልስቅ ይገባኝ እንደሆነ ስላላወቅሁ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ጦር ሠራዊት ውስጥ መገናኛ ክፍል ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ። ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ በድንኳን ተቀምጦ የሞተ ሬዲዮ ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ንግግሩን ያደነቀ አለቃ ለፖለቲካ ትምህርት መረጠው፤ ያው በዚያው ቀረ።

«መበየጃ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ» አለ፣ እጆቹን ገልብጦ እያየ።

«ይድናል?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ኮምፒዩተር ከፍቼ አላውቅም። አንቺስ?»

«እኔም አላውቅም።»

«እንግዲያው እኩል ነን።»

እኩልነት የሚለውን ቃል ከካድሬ አፍ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ያመንኩት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

ቢሮው ውስጥ መበየጃ የለም። ያለው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ነው። ማዘርቦርዱ ተነቅሎ መሄድ አለበት። ብዙ ሽቦ ተሰክቶበታል፤ የቱ የት እንደነበር ከጠፋን መመለሻ የለንም። ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበረኝ። እያንዳንዱን መሰኪያና ማረፊያውን እያጣመርኩ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ነጥብ አደረግኩባቸው። ጓድ ታፈሰ ብልቃጧን ተቀብሎ አገላብጦ አያት።

«የቡርዥዋ ቀለም» አለ። «ለሥራ ዋለ። ቀጥይ።»

ማዘርቦርዱን በዳንቴሉ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ታቅፌ ወጣን። አቶ ደምሰው ዳንቴሉን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አሁን ፒያሳን አስቡት፤ የአርብ ረፋድ፣ ሰው በሰው ላይ። እኔ ተወልጄ ያደግኩበት መንገድ ነው። በአሥር እርምጃ አንድ «ሰናይት!» የሚለኝ ሰው አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን በካኪ ለባሽ ካድሬ ጎን ተጠቅልሎ ያልታወቀ ነገር ታቅፌ ስወርድ ሰፈሩ በሙሉ ዓይነ ስውር ሆነ። ኬክ ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ባንኮኒ ሥር የሆነ ነገር ጠፋባት። ወሬ ሲጀምር የማያቆመው ልብስ ሰፊ የክር መርፌውን ቀዳዳ ሲፈልግ አለፍነው። እኔ ደግሞ ደህና መሆኔን እንዲያውቁ ብዬ ለሁሉም ፈገግ እላለሁ። ለካ ያ ነው የባሰው። በኋላ እንደሰማሁት «ፈገግታዋን አያችሁ? ምን ቢያደርጓት ነው!» ተባብለዋል።

ጓድ ታፈሰም ይኸን ሁሉ ያያል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቀስ ብሎ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለኝ። «ምኑ?» ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ገብቶኛል።

የሬዲዮ ጠጋኙ ስም ጋሽ ኪዳኔ ነው። ከሰሜን የመጣ፣ አማርኛውን በትግርኛ እያጣፈጠ የሚናገር፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ። በሩን ስንገፋ ውስጥ አንድ ትልቅ ሬዲዮ ስለ አገራችን የሚያወራ የውጭ ጣቢያ በሙሉ ድምፅ ይዟል። ማድመጡ ያስጠይቃል። ጋሽ ኪዳኔ ካኪውን ሲያይ ዘሎ ሬዲዮው ላይ ወደቀ ብል ይሻላል።

«ወይለይ! ጓድ፣ ይኼ የደንበኛ ሬዲዮ ነው! በራሱ ነው ጣቢያ የሚቀይር! እሱን ነው የምጠግነው!»

ጓድ ታፈሰ ቆቡን አወለቀ። «እውነትዎን ነው፣ አባቴ። የእኔም ሬዲዮ እንደዚያ ያደርገዋል። መበየጃና ቴስተር ያውሱናል?»

ጋሽ ኪዳኔ አፉን ከፍቶ እኔን አየ። እኔ ዳንቴሉን ፈታሁ።

መበየጃው እስኪግል ጓድ ታፈሰ ጠረጴዛውን በክንዱ ጠረገ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ተቀመጠ። አቀማመጡ ሌላ ነበር። ቢሮ ውስጥ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው ሰውዬ እዚህ ጎበጥ ብሎ፣ ምላሱን በጥርሱ ያዝ አድርጎ፣ የተቃጠለችውን ፍሬ እግር በጢስ መሐል መዥረጥ አድርጎ አወጣት።  

«አሁን ቴስተሩን ያዢ።» የመብራት መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ሁለት ጫፎች መብራት ሰሌዳው ላይ በሚገባበት ቦታ አስነካኝ። «መርፌው ከተወነጨፈ አንድ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው፤ መብራቱ ሥራ ሳይሠራ በአቋራጭ እየፈሰሰ ነው። ካልተወነጨፈ ድነናል።»

አስነካሁ። መርፌው ተወነጨፈ።

«ሌላም የሞተ አለ» አለ። «ሳይፈነዳ ውስጡ የተበላሸ። እሱ ነው ክፉው።»

ቢጫዎቹ ፍሬዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የቱ ነው? ጓድ ታፈሰ አንዱን ነቀለ፤ እኔ አስነካሁ፤ መርፌው ያው ነው። መልሶ በየደው። ሌላውን ነቀለ፤ ያው ነው። ሰሌዳው በሙቀት ከተጎዳ እስከነአካቴው እንደሚጠፋ ነግሮናል። በየነቀላው መሐል እናርፋለን፤ ጋሽ ኪዳኔ በጋዜጣ ያራግብለታል።

በዚህ መሐል ነው በሩ በኃይል የተከፈተው።

እናቴ ናት። በአንድ እጇ ብርድ ልብስ፣ በሌላው ምሳ ዕቃ። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ የለም፤ የት እንደጣለችው ዛሬም አልታወቀም። አትክልት ተራ ቲማቲም እየመረጠች ሳለ አንዲት ሴት «እትዬ ወርቄ፣ ልጅሽን ካድሬ እየነዳ ወደ ድልድዩ ወረደ» ብላታለች። ቲማቲሙን እዚያው ጥላ፣ ቤት በርራ፣ እስረኛ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዛ፣ ሰው እየጠየቀች መጣች። ሰፈሩ ለእኔ ዓይነ ስውር ቢሆንም ለእሷ አቅጣጫ አልነፈጋትም።

«ልጄ ምን አድርጋ ነው ጌታዬ?» አለች። ብርድ ልብሱንና ምሳ ዕቃውን ወደ እሱ ዘረጋች።

ጓድ ታፈሰ መበየጃውን እንደያዘ ተነሳ። ግራ የገባው ተማሪ ይመስላል።

«ምንም አላደረገችም፣ እናቴ። እየረዳችኝ ነው።»

«እማዬ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው። እየጠገንነው ነው።»

እናቴ እኔን አየች፣ ማዘርቦርዱን አየች፣ ካድሬውን አየች። ከዚያ ጋሽ ኪዳኔ ከኋላዋ ገፋ ያደረገላት በርጩማ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠችና ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል። ሁላችንም የምናደርገው ጠፋን።

«ታዲያ ምሳ ሰዓት አይደል?» አለች ዓይኗን ጠርጋ። «የታሰረ ባይኖርም የሚበላ አይጠፋም።»

ምሳ ዕቃው ተከፈተ። ክፍሉን የምስር ወጥ ሽታ ሲሞላው እናቴ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ክንዷን ልነካት እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። «ጌታ ኢየሱስ ሆይ» ብላ ጀመረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ቤቷ። ስለ እንጀራው አመሰገነች። ስለ ልጇ አመሰገነች። ያ አልበቃት ብሎ «የዚህን የልጅህን እጅ ባርክ» አለችና ካድሬውን በስሙ ባታውቀውም ጸለየችለት። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። እሱን ነበር የማየው። መሬት መሬት ያያል።

«አሜን» አለች እናቴ።  ጋሽ ኪዳኔ አማተበ።

«ይቀዘቅዛል፣ እንብላ» አለ ጓድ ታፈሰ።

በላን። እሱ አንገቱን ሳያቀና ደጋግሞ ጎረሰ። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጎ «እናቴ፣ ማክሰኞ ማታ እናንተ ቤት የሚዘመረው መንገድ ድረስ ይሰማል» አለ።

 የእናቴ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ደስ የሚል ድምፅ ነው» አለ። «ግን መስኮቱ ይዘጋ። የምሰማው እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

እናቴ ከሄደች በኋላ ሥራው ቀጠለ። ጋሽ ኪዳኔ ዓይኑ ላይ የሚገጥማትን ማጉያ መነጽር ሰጠኝ። ነቅለን ነቅለን ከምንጨርሰው ብዬ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በማጉያው አየኋቸው። አንዱ ላይ፣ እግሩ ሥር፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች።

«ጓድ ታፈሰ፣ ይኼኛው ተሰንጥቋል።»

«የታለ?» አየ። አልታየውም። «ዓይኔ አይደርስም። እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

ነቀለው። አስነካሁ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሦስታችንም መርፌውን እንደተኛ ሕፃን ስንመለከት ቆየን። ጋሽ ኪዳኔ ከመሳቢያው ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀሉ ተመሳሳይ ኮንደንሰሮች ፈልጎ ሁለት ሰጠን፤ ጓድ ታፈሰ ሁለተኛውን ሊበይድ ሲል ቆም አለና መበየጃውን ወደ እኔ አዞረው።

«አንቺ ያገኘሽውን አንቺ ብየጂው።»

«እኔ? እኔ እኮ…»

«ነገ እኔ ባልኖርስ?»

በየድኩት። ብየዳው ጉብታ በጉብታ ነበር፤ ጋሽ ኪዳኔ «እንደ ጎንደር ተራራ» አለው። ግን ያዘ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተመለስን። በቀይ ነጥቦቼ እየተመራሁ ሽቦውን ሁሉ በየቦታው ሰካሁ። ሠራተኛው በር ላይ ተከማችቷል፤ አቶ ደምሰው ከፊት ናቸው። ጓድ ታፈሰ ራሱን ነቀነቀልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አበራሁት።

አልፈነዳም። ማራገቢያው እንደ ንብ እያጉረመረመ መዞር ጀመረ። ዓይኔን ስገልጥ ግን የማሽኑ መስታወት ጥቁር ነው። ጠበቅን። ጥቁር ነው።

«ብዬ ነበር» አሉ አቶ ደምሰው በረጅሙ ተንፍሰው። «መከፈት አልነበረበትም።»

 ጓድ ታፈሰ ፊት ላይ ያ የቢሮው ሰውዬ ተመልሶ ሲመጣ አየሁት፤ ጀርባው ቀጥ አለ፣ እጅጌውን አወረደ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ከእኔ መታሰር ይልቅ እሱ እንዲያ ሆኖ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ መመለሱ አሳዘነኝ። አጥፍቼ እጄን ሰደድኩ። አሁን የምፈራው ነገር አልነበረኝም፤ ሆዱን ጠዋት አይቼዋለሁ አይደል? እነዚያን ጥቁር ቤቶች በጣቶቼ ዳበስኳቸው። በማኅደራቸው ተሰክተው የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ከጎረቤቱ ከፍ ብሏል፤ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ነው። በየቀኑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ኖሮ፣ የዛሬው መንገድ ላይ መናወጥ ተጨምሮበት፣ ቀስ በቀስ ከማኅደሩ ወጥቷል።

በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። «ጠቅ» አለ። አጠገቡ ያለውንም። «ጠቅ»። ከዳር እስከ ዳር ሁሉንም ተጫንኳቸው፤ ከኋላዬ አቶ ደምሰው «ኧረ በፈጠረሽ!» ይላሉ።

አበራሁት።

መስታወቱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ቁጥሮች ብቅ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ማሽኑ ሁልጊዜ ሲነሳ እንደዚያ ራሱን ይቆጥራል፤ ድሮ እስኪጨርስ እሰለቸው ነበር። ያን ቀን ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጥርሴን እየነከስኩ አብሬው ቆጠርኩ። ጨረሰ። አንዴ «ጢጥ» አለ። የአውራጃዎቹ ስም፣ የመጋዘኖቹ፣ የዘሩ፣ ሁሉም ነበሩ።

በር ላይ እልልታ ተነሳ። አቶ ደምሰው በካልሲ ዘልቀው ገቡና «አልነገርኳችሁም? ጠንካራ ማሽን ነው!» አሉ።  አታሚው እየጮኸ ማዘዣውን ሲተፋ እኔ በሁለት እጄ ወረቀት እቀበላለሁ።

ሰዉ ሲበተን ጓድ ታፈሰ ብቻ ቀረ። ወረቀቱ አልቋል።

«አጥፊና እንደገና አብሪው» አለኝ።

«ተበላሸ እንዴ?»

«አይ። ሲነሳ ልስማው ብዬ ነው።»

አጠፋሁ፤ አበራሁ። ቁጥሩ ሲቆጥር፣ «ጢጥ» ሲል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ጫማው ኮሪደሩ ላይ ሲርቅ ሰማሁት።

ሰኞ መኪኖቹ ተነሱ። ዝናቡም በዚያው ሳምንት ገባ።

አንባቢዎቼ፣ «ታዲያ ሕይወትሽን የቀየረው ይኼ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ይኼ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማሽን ማለት ሌላ ሰው የሚከፍተው፣ መንግሥትም ሌላ ሰው የሚነካው፣ እኔ ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ የማየው ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽን ጥገና የሚሰጥ ሥልጠና መጣ ሲባል «እኔ ልሂድ» አልኩ። አቶ ደምሰው «ሴት ልጅ?» ሲሉ ጓድ ታፈሰ ከስብሰባው ጫፍ «እሷ ናት የምትሄደው» አለ፤ አለቀ። መንግሥት ተቀይሮ መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ሥራ ፈቱ። እኔ እዚያው ፒያሳ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ የሞተ ኮምፒዩተር ማስነሳት ጀመርኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ እንጀራ ነው። ብየዳዬም ከተራራነት ወጥቷል።

ጓድ ታፈሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሰሜን ግንባር ተዛወረ ተባለ። ሲሄድ አልተሰናበተም። ከዚያ ወዲህ የሞተም ያለም ወሬ አልሰማሁም።

እናቴ እስክታርፍ ድረስ በጸሎቷ ስሙን ታነሳ ነበር። አንዴ ከማክሰኞ ሰዎች አንዱ ተቆጣት። ወንድሙን ካድሬዎች ወስደውበት አልተመለሰም። «ለእነሱ ነው የምትጸልይው?» አላት። እናቴ ተነስታ አቀፈችው፤ ሁለቱም አለቀሱ። በሚቀጥለው ሳምንት የሁለቱንም ስም፣ የወንድሙንም የካድሬውንም፣ አከታትላ ጠራች።

ይኸን ሁሉ የምነግራችሁ ጓድ ታፈሰ ደግ ሰው ነበር ለማለት አይደለም። በኮሪደሩ ጫፍ ያለው በር ከተዘጋ በኋላ በሌሎች ቀናት፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር፣ ምን እንደተነጋገረ አላውቅም። እኔ የማውቀው ያንን አርብ ነው። ከእናንተ መሐል ስለ እሱ ሌላ ታሪክ ያለው ሰው ካለ ወደ ክፍሌ ይምጣ፤ አልከራከረውም፤ ወንበር ስቤ፣ እጄ ላይ ያለውን ሥራ አስቀምጬ፣ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።